የሸጊት ትንፋሽ

ሸጊት ሰው አይደለችም፤ መኪና ናት፣ ያውም አሮጌ። ቀለሟ በድሮ ጊዜ ሰማያዊ ነበር ይላሉ፤ አሁን ግን የታጠበ የከሰል ጆንያ ነው የምትመስለው። ጡሩምባዋ እንደታነቀ ፍየል ይጮሃል። የግራ የኋላ በሯ ደግሞ ከውጭ አልከፈትም ካለ ዓመታት አልፈዋል። አንድ ሰው ከውስጥ ካልገፋላችሁ እጀታውን ይዛችሁ ስትታገሉ ትውላላችሁ እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ስሟን ያወጡላት፣ ዛሬ የምትነዳት የለይላ አባት፣ አባ ኡበይደላ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርሳ ገበያ እህል ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና የገዟት ስለሆነች እንደ ዓይናቸው ብሌን ነበር የሚያዩዋት። ለጥርሳቸው ሕመም ብለው ቅርንፉድ ከአፋቸው አይለዩም፤ ሽታው ከእሳቸው ቀድሞ ነው ቤት የሚገባው። ጠዋት ጠዋት ቅርንፉዳቸውን እያላመጡ ሸጊትን በጨርቅ ሲወለውሉ ባለቤታቸው ዙልፋ ከጓዳ ብቅ ትልና «ደግሞ ጣውንቴን ማሸት ጀመርክ?» ትላቸዋለች። እሳቸው ይስቃሉ።

ሸጊት ከእርጅናዋ ጋር አንድ የምትኮራበት ነገር ነበራት፤ ኤሲ። መርሳን በሚያዝያ ላላየ ሰው ኤሲ ምን ማለት እንደሆነ መንገር ከንቱ ድካም ነው። በሚያዝያ መርሳ ውስጥ ውሻ ሰው መንከስ ይተዋል፤ ለመንከስ መነሣት አለበታ! ቆርቆሮው ጧ ጧ ይላል፣ የተሰጣ ልብስ ውሃው ሳይንጠባጠብ ይደርቃል። ያኔ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ባል ከሚስት የተጣላ እንደሆነ አባ ኡበይደላ ሁለቱንም ሸጊት ውስጥ ያስገቡና መስኮቱን ዘግተው ኤሲውን ይለቁባቸዋል። «የጋለ ሰው ሽምግልና አይሰማም፣ መጀመሪያ ይብረድ» ይሉ ነበር። ስንት ፍቺ ነው እዚያ የኋላ ወንበር ላይ የቀረው።

አምና በዚሁ በሚያዝያ አባ ኡበይደላ ታመው ወልድያ ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሁሉ ካደረጉ በኋላ ትልቁን ልጅ ሙጃሂድን ጠርተው «ቤታቸው ቢሆኑ ይሻላል» አሉት። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሙጃሂድ ገብቶታል። ለለይላ ግን አልገባትም፤ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። አባቷ ወደ ቤት ሲመለሱ ዳኑ ማለት ነው ብላ ብርድ ልብሳቸውን በደስታ ነው ያጣጠፈችው።

ሙጃሂድ ይነዳል። ለይላ ከኋላ ተቀምጣ የአባቷን ራስ ጭኗ ላይ አድርጋለች። መንገዱ አቧራ፣ ፀሐዩ እሳት፤ መስኮቱ ተዘግቶ ኤሲው ተከፍቷል። ሲሪንቃ ሊደርሱ ሲሉ፣ የእርሻ ምርምሩ ማሳ ታፔላዎች መንገድ ዳር ከተደረደሩበት ጋ፣ የአባ ኡበይደላ ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ለይላ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ሰጠች። ፋኑ ይጮሃል፤ ምንም አልሰማችም። ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። ቀኝ እጃቸው ከደረታቸው ላይ በዝግታ ተነሣ፣ አንድ ጣታቸው እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ ከዚያ ደከመውና ወደ ፊት አዘመመ። ወደ ኤሲው።

«ሞቋቸዋል! ጨምረው!» አለች ለይላ።

ሙጃሂድ ጨመረው። የአባቷ ከንፈር እንደገና ተንቀሳቀሰ፤ ጣታቸው እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወደ ፊት ወደቀ።

«ጨምረው እንጂ! አታይም እንዴ እያሳዩህ?»

«መጨረሻው ነው አልኩሽ!»

መርሳ መግቢያ ላይ ኤሲው ማንም ሳይነካው ጠቅ ብሎ ዝም አለ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው ለይላ ጭኗ ላይ ያለው ራስ እንደከበደ ያወቀችው።

ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው ሁሉ «አፈሩን ያቅልልላቸው» ካለ በኋላ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ «ከሊማውን ይዘው ነው የሄዱት?» እዚያ አገር ሰው ሊሞት ሲል አጠገቡ ያለው ሰው በጆሮው ከሊማውን፣ የእምነት ምስክርነቱን፣ ይልለታል፣ ሟቹም ተከትሎ ይላል። የመጨረሻ ቃሉ እሱ ከሆነ የቀረው ቤተሰብ ልቡ ያርፋል። ሙጃሂድ ለወንዶቹ «አዎ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ይዘው ነው የሄዱ» አላቸው። ለእናቱም እንዲሁ አላት። ዙልፋ ግን የእሱን መልስ በአንድ ጆሮዋ ሰምታ በሌላው አወጣችው። ፊቷን ወደ ለይላ አዞረችና፣

«አጠገቡ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ሰማሽው?» አለቻት።

«እማ፣ ኤሲው እየጮኸ . . .»

ዙልፋ ከዚያ በላይ አልጠየቀችም፤ የዚያን ቀን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ግን ልብስ እያጠበችም፣ ቲማቲም እየመረጠችም፣ ሰላት አውርዳ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠችም፣ ድንገት ቀና ትልና «ሰማሽው?» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ሸጊት ውስጥ ደግሞ ዙልፋ ከዚያ ወዲያ አልገባችም። የሚወስዳት መኪና ግቢው ውስጥ ቆሞ እሷ ባጃጅ ትጠራለች።

ኤሲውም እንደሞተ ቀረ። ሞተ ስንል ግን . . .

መጀመሪያ የሰማችው ለይላ ናት። መንጃ ፈቃድ ያወጣችው አባቷ ገፋፍተዋት ነው፤ መርሳ ውስጥ ሴት መሪ ይዛ ሲያዩ ጎረምሶቹ «ዛፉን ጠብቁት!» እያሉ ቢያሾፉም እሷ ሸጊትን አሳምራ ነው የምትነዳት። አንድ ቀን ከውርጌሳ ስትመለስ፣ ኤሲው ጠፍቶ፣ ፋኑም ጠፍቶ፣ ከፊት ለፊቷ ባለው የአየር ማውጫ በኩል አንድ ነገር እህህ . . . አለ። ቆየት ብሎ እንደገና እህህ . . . የተኛ ሽማግሌ አተነፋፈስ ነው። ቀጥሎ ቅርንፉድ ሸተታት።

ለሙጃሂድ ነገረችው።

«አይጥ ነው» አለ።

«ቅርንፉድ የሚያላምጥ አይጥ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፆም አብዝተሻል። የሞተ ሰው ሩሕ ኤሲ ውስጥ ምን ይሠራል?»

ለእናቷ አልነገረቻትም። ግን በቀትር ሰው ሁሉ ጥላ ፍለጋ ሲገባ እሷ ግቢ ውስጥ የቆመችው ሸጊት ውስጥ ገብታ በሩን ትዘጋና ጆሮዋን ማውጫው ላይ ትለጥፋለች። ላቧ እንደ ቧንቧ ይወርዳል። እህህ . . . እህህ . . . ከትንፋሹ ሥር ቃል አለ። ቃል እንዳለ ታውቃለች፤ ግድግዳ ወዲያ ማዶ ሰው ሲያወራ እንደሚሰማው ነው፣ ድምፁ አለ፣ ነገሩ የለም።

ዘንድሮ የሠርግ ወቅት ደረሰና ሙጃሂድ ሸጊትን ለሙሽራ ሊያሰማራት ተነሣ። «ኤሲ የሌለው መኪና ውስጥ ሙሽራ አስገብተሽ ኩሏ አገጯ ላይ ሲወርድ ማየት ትፈልጊያለሽ? ጋሽ ሓድጉን አናግሬያቸዋለሁ። ወልድያ ውሰጃትና ውስጧን ጠራርገው፣ አጥበው፣ እንደ አዲስ ያድርጉልኝ። ነገ የሲሪንቃን ሙሽራ አመጣባታለሁ።»

ጠራርገው። አጥበው። ለይላ ጆሮ ውስጥ የቀረው ይኼ ነው። ጠርገው ካወጡት ትንፋሹ ይወጣል፤ ትንፋሹ ከወጣ ቃሉም አብሮ ይወጣል። እናቷም ዕድሜዋን ሙሉ «ሰማሽው?» እያለች፣ እሷም አፏን ዘግታ ሊኖሩ ነው። እንዲያም ሆኖ ቁልፉን ተቀበለችው።

ወልድያ ውስጥ የመኪና ኤሲ የሚሠራ ሞልቷል፤ ስለ ሥራው እንደ ጋሽ ሓድጉ የሚያወራ ግን የለም። ዘር ማንዘራቸው ከትግራይ ነው የመጣው፤ እሳቸው ወልድያ ተወልደው፣ ወልድያ አግብተው፣ ወልድያ ወፍረዋል። አባ ኡበይደላን በደንብ ያውቋቸው ነበር፤ ለቅሷቸውም ላይ ድንኳን ከተከሉት አንዱ ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ የኡበይደላ ልጅ!» አሉ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው። «አምጫት ጣውንቲቱን! የሞተ ኤሲ ማስነሣት ለኔ ምንድነው? ቁርስ ነው!»

«እንደዚያ አይበሉ፣ ጋሽ ሓድጉ።»

«ምን አልኩ?»

«የሞተ የሚሉትን።»

ጋሽ ሓድጉ ኮፈኑን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። ብዙም ሳይቆዩ የተበጠሰ ጥቁር ቺንጋ እንደ እባብ ቆዳ አንጠልጥለው ወጡ።

«ይኸውልሽ! ኮምፕረሰሩን የሚያዞረው ይኼ ነው፤ ተበጥሷል። ጋዙም ተንኖ አልቋል። እንዲህ የሆነ ኤሲ እንኳን ሊያቀዘቅዝ ሊያስነጥስም አይችል።»

ከመኪናው ውስጥ ሳል መጣ። የሽማግሌ ሳል፣ ደረቅ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጋሽ ሓድጉ ዞር ብለው አዩ። መኪናው ውስጥ ማንም የለም። «አንቺ ነሽ?» አሉ ለይላን። ለይላ «አይደለሁም» አለች። «ጎረቤት ነው እንግዲህ» አሉና ቺንጋውን የቱታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ጎረቤታቸው ጎሚስታው ግን ሱቁን ዘግቶ ምሳ ሄዷል፤ ይኼን ሁለቱም አይተዋል፣ ሁለቱም አልተናገሩም።

የኤሲ ሥራ እንዲህ ነው፤ ጋዝ ከመሙላታችሁ በፊት ቱቦው ውስጥ ያለውን አየር በፓምፕ መጥምጣችሁ ታወጣላችሁ። ከዚያ ፓምፑን ዘግታችሁ ጌጁን ታያላችሁ። የጌጁ መርፌ ከታች ወርዶ ቀጥ ካለ ቱቦው ጤነኛ ነው። ቀስ እያለ ወደ ላይ ከወጣ የሆነ ቦታ ቀዳዳ አለ፣ አየር እየገባ ነው። ጋሽ ሓድጉ ይኼን ለመጣው ባለመኪና ሁሉ ሲያስተምሩ ነው የኖሩት፤ ለለይላም አስተማሯት። ፓምፑን አስነሡ፣ መርፌው ወረደ፣ ዘጉት።

መርፌው ትንሽ ቆሞ ወጣ።

«ቀዳዳ አለ ማለት ነው» አሉ።

መርፌው ወረደ።

ጋሽ ሓድጉ አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። መርፌው እንደገና ወጣ፤ እንደገና ወረደ። ሳይቸኩል፣ እኩል እኩል። ጌጁን በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉት፤ ሌላ ጌጅ አምጥተው ቀየሩት። አዲሱም ያንኑ አደረገ።

«ቢወጣ ገባኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወጥቶ የሚመለሰው ግን ምን ይባላል? ፓምፑ ጠፍቷል። ማነው ደግሞ የሚያወጣው?»

«እየተነፈሰ ነው» አለች ለይላ።

«በገብርኤል! አንቺ ልጅ፣ በቀትር እንዲህ አይባልም።»

ግን ባለሙያ ናቸውና እጅ አልሰጡም። በጣሳ ሳሙና በጠበጡና አረፋውን በቱቦዎቹ መጋጠሚያ ላይ ቀቡ። ቀዳዳ ካለ እዚያ ላይ አረፋ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ከመሪው ፊት ባለው ክሩስኮት ሥር ካለ መጋጠሚያ ላይ አንድ አረፋ አበጠ። ሲፈነዳ ለማየት ሁለቱም ጎንበስ አሉ። አረፋው ግን አልፈነዳም። አበጠ፣ ኮሰሰ፣ አበጠ፣ ኮሰሰ፤ በእንቅልፍ ልቡ ከንፈሩን እንደሚያንቀሳቅስ ሰው አፍ። ከዚያ ቅርንፉድ ሸተተ። ጋሽ ሓድጉም ሽታውን አውቀውታል።

ቀና አሉ፣ አማተቡ፣ ትልቁን ካቻቢቴ አነሡ።

«ክሩስኮቱን እፈታዋለሁ። ውስጡን በኃይለኛ አየር እጠርገዋለሁ። ያለው ሁሉ ይውጣ!»

ለይላ በሩ ላይ ቆመች። እጆቿን ዘረጋች።

«አይሆንም።»

«ዞር በይ ልጄ።»

«ሳልሰማው አይጠረግም! ጋሽ ሓድጉ፣ ሳልሰማው አይሆንም!» እንባዋ መጣ። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው። የአባቷን ከንፈር፣ የፋኑን ጩኸት፣ ጨምረው ጨምረው ያለችውን፣ የእናቷን «ሰማሽው?» ሁሉንም። «አፋቸው ላይ ቃል ነበር፤ እኔ ነኝ ያላዳመጥኩት። እናቴ የምትጠይቀኝ እሱን ነው። ከጠረጉት ምን ብዬ እመልስላታለሁ?»

ጋሽ ሓድጉ ካቻቢቴውን አስቀመጡ። ቆባቸውን አወለቁ፣ አደረጉ፣ አወለቁ።

«የት ላይ ነበር?»

«ሲሪንቃ። ታፔላዎቹ ጋ።»

«እንግዲያው እዚያው እንሂድ። እኔ እነዳለሁ፣ አንቺ እዚያችው የነበርሽበት ቦታ ትቀመጫለሽ። ሰማሽም አልሰማሽም ግን ተመልሰን እጠርገዋለሁ። ለወንድምሽ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ነገ ሙሽራ አለው።» ከዚያ ጣታቸውን ቀሰሩባት። «እኔ ደግሞ ፈርቼ እንዳይመስልሽ። ሆዴን ነው ያመመኝ።»

ከወልድያ ወጡ። መስኮቶቹን ለይላ አዘጋቻቸው፤ እንደዚያን ቀን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጋሽ ሓድጉ መጀመሪያ ላይ ወሬ ሞከሩ። ስለ አንድ የቆቦ ነጋዴ ኤሲ፣ ውስጡ እባብ ስለተገኘበት፣ «እባቡም ሙቀቱን ፈርቶ ነው የገባ» አሉና ብቻቸውን ሳቁ። ከዚያ ወሬው አለቀባቸው። ላባቸው አንገታቸው ላይ ሲንቆረቆር ከኋላ ይታያል። የፋኑ ማብሪያ ጠፍቷል፤ ለይላ ደጋግማ ታየዋለች። ጠፍቷል።

ኮረብታውን ዞረው የሲሪንቃ ሜዳ ብቅ ሲል የጋሽ ሓድጉ ላብ ቆመ።

ቀጥሎ ለይላ ጉልበቷ ላይ ብርድ ተሰማት። የመርሳ ልጅ ብርድን አታውቀውም፤ መጀመሪያ ውሃ የፈሰሰባት ነበር የመሰላት። ፋኑ ማንም ሳይነካው ዙዙዙ ብሎ ተነሣ። ጮኸ። የዚያን ቀን ጩኸት ነው። ከማውጫዎቹ የወጣው አየር እንደ ጉድጓድ ውሃ ይቀዘቅዛል፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

«ለይላ» አሉ ጋሽ ሓድጉ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ። «ቺንጋው እኮ ኪሴ ውስጥ ነው።»

«ይንዱ።»

«ኮምፕረሰሩ አይዞርም እኮ ነው የምልሽ! ይኼ ብርድ ከየት ነው የሚመጣ?»

«ይንዱ ጋሽ ሓድጉ፣ በፈጠረዎት!»

ታፔላዎቹ ታዩ። ለይላ ጎንበስ አለች፤ ያን ቀን ጎንበስ ባለችበት ልክ፣ ባዶ ጭኗ ላይ። ጆሮዋን ሰጠች። ፋኑ ይጮሃል፤ አሁን ግን ከጩኸቱ ሥር የነበረው ግድግዳ ሳሳ። ትንፋሹ እህህ አለ፣ ተቋረጠ፣ ከዚያ ተሰነጠቀና ከመሃሉ ቃል ወጣ።

«ልጄ . . .»

ለይላ መተንፈስ አቆመች።

«. . . በይ . . . ልኝ . . .»

«ምን ልበል አባዬ? ምን ልበልልዎ? በረደዎት? አጥፉት ነው የሚሉኝ?»

«. . . በይልኝ . . .»

ቀና አለች። መስታወቶቹ ሁሉ በእንፋሎት ደብዝዘው ውጭ አይታይም። በግራዋ፣ ያ ከውጭ የማይከፈተው በር መስኮት ላይ፣ ማንም በሌለበት ወንበር አጠገብ፣ እንፋሎቱ ላይ አንድ መስመር እየተሠመረ ነበር። ከታች ወደ ላይ። የጣት ስፋት ያህል። እየተንቀጠቀጠ ወጣ፣ መሃል ላይ ሲደርስ ደክሞት ያዘነብል መሰለ፣ እንደገና ቀና አለና ቀጥ ብሎ ቆመ።

አንድ ጣት። ቀጥ ያለ አንድ ጣት፤ ሰው ሰላቱ ላይ ቁጭ ብሎ የአላህን አንድነት ሲመሰክር የሚያነሣው።

ያኔ ገባት። አባቷ ያን ቀን ኤሲውን እያሳዩ አልነበረም። ጣታቸውን ለከሊማው ነበር የሚያነሡት፤ ጉልበት ከድቷቸው ነው ወደ ፊት የወደቀው። ምላሳቸውም ከድቷቸው ነበር፤ አጠገባቸው ያለ ሰው እንዲልላቸው፣ እንዲከተሉ፣ ልጃቸውን ለመኑ። ልጃቸው ኤሲ አስጨመረች። እሳቸውም ጠበቁ። ዓመት ሙሉ እዚያ ቱቦ ውስጥ ሆነው እስክትልላቸው ጠበቁ።

ለይላ ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አለች። የሰው ጆሮ በሚኖርበት ቦታ ላይ አፏን አድርጋ፣ ሳትጮኽ፣ ሳታለቅስ፣ ሕፃን እንደሚያስጠኑ ቀስ ብላ፣

«ላ ኢላሀ ኢለላህ» አለች።

ፋኑ ዝቅ አለ። ከማውጫው፣ ትንፋሽ በትንፋሽ፣ ሽማግሌ ደረጃ ሲወጣ እንደሚያርፈው እያረፈ፣ ድምፁ ተከተላት። አንዲት ቃል አልዘለለም።

«ሙሐመዱን ረሱሉላህ» አለች።

ተከተላት።

ከዚያ አንድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ፤ ወጣ፣ ወጣ፣ አለቀ። የሚመለስ ትንፋሽ አልነበረም። ፋኑ ቆመ። ቅርንፉዱ ጠፋ። የሲሪንቃ ሙቀት እንደተከፈተ ምድጃ መኪናው ውስጥ ገባና ሁለቱንም አለበሳቸው።

ጋሽ ሓድጉ መቼ ዳር ይዘው እንዳቆሙ ለይላ አላወቀችም። ቆባቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አላማተቡም፤ በእጃቸው የተበጠሰውን ቺንጋ ይዘው ያዩታል።

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ። «እናትሽ ብትጠይቅ ሓድጉም ሰምቷል በያት።» ቀጥለው ግንባራቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። «ሞቀኝ።»

«እኔንም» አለች ለይላ።

«ተመስገን! በዕድሜዬ ሙሉ ሞቆኝ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ማለቅ አቅቶት ለቅሶ እስኪሆን ድረስ።

ጋራዡ ተመልሰው ፓምፑን አስነሡ፣ ዘጉት። መርፌው ወርዶ ቀጥ አለ። ተጠባበቁ፤ ንቅንቅ አላለም። ያ አረፋ ያበጠበት መጋጠሚያ በሳሙና ሲቀባ እንደማንኛውም ብረት ዝም አለ። የሚጠረግም ነገር አልተገኘም፤ ክሩስኮቱ ሲፈታ ውስጡ አቧራ እንኳ አልነበረበትም። አዲስ ቺንጋ ገባ፣ ጋዝ ተሞላ፣ ሸጊት ቀዘቀዘች፤ የጤና ቅዝቃዜ። መስታወቶቹ ሁሉ ከጠሩ ቆይተዋል። የግራው መስኮት ላይ ያለው መስመር ግን አልጠፋም። ጋሽ ሓድጉ ከውስጥ በጨርቅ፣ ከውጭ በሳሙና፣ መጨረሻ ላይ በጥፍራቸው ሞከሩት።

«በውስጥም አይደለም፣ በውጭም አይደለም» አሉ። «መስታወቱ መሃል ነው ያለው። ተይው፤ ይሁን።»

ለይላ መርሳ ስትደርስ ዙልፋ በራፍ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሞተሩ ሲጠፋ ቀና አለች። ለይላ ከመኪናው ወርዳ ቆመች። ዙልፋ አፏን ልትከፍት ስትል ለይላ ቀደመቻት።

«ሰማሁት፣ እማ።»

ሰፌዱ ዙልፋ ጭን ላይ ቀጥ አለ።

«እኔን ነበር የሚጠብቁት። እንድልላቸው። ጣታቸውን ሲያነሡ ኤሲ ጨምሩ የሚሉኝ መስሎኝ . . . ዛሬ አልኩላቸው። ተከተሉኝ፣ እማ። እስከ መጨረሻው ተከተሉኝ። ጋሽ ሓድጉም ሰምተዋል።»

ዙልፋ አብደሻል ወይ ብላ አልጠየቀችም፤ እንዴት ብላም አልጠየቀችም። ምስሩን አስቀመጠች፣ መጥታ የልጇን ፊት በሁለት እጇ ያዘችው። እጇ አፈር አፈር ይላል።

«ዘገየሽ እንጂ አልቀረሽም» አለቻት።

ከዚያ ሻሿን አስተካከለችና ወደ ሸጊት ሄደች። ዓመት ሙሉ ያልቀረበቻትን መኪና ዞር ብላ አየቻት፣ ኮፈኗን በመዳፏ አንድ ጊዜ መታ አደረገቻት፤ ጣውንት እንደሚታረቁ። በግራ በኩል አለፈች። መስኮቱ ላይ ያለውን መስመር ስታይ ቆመች። የራሷን ጣት አነሣችና ለካችው፤ መስመሩ ይበልጣል፤ የባሏም ጣት ከእሷ ይረዝም ነበር። በሩ ላይ እጇን ልታሳርፍ ዘረጋች።

«እማ፣ ያ በር እኮ ከውጭ አይ—»

ጠቅ።

በሩ በዝግታ፣ ልክ ሰው ከውስጥ በእጁ እንደሚገፋው፣ ተከፈተ።

ለይላ ባለችበት ደርቃ ቀረች። ዙልፋ ግን ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ገባች፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቁ ጠጋ አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባዶው ወገን አዞረችና፣

«አላህ ይስጥህ» አለች።